የካፒቴኑ ፊት

ረጅሟን ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች የሚሄዱበትን አያዩም። ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ መልሰው ነው የሚቀዝፉት። ከአርባ የሚበልጡ ወንዶች ዓይናቸው የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በጀልባዋ ጭራ ቆሞ መሪውን መቅዘፊያ በሁለት እጁ በጨበጠው ካፒቴን ላይ። ወደ ፊት የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በፋሌሉማ መንደር ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ቀዛፊ ዞሮ አያይም፣ ቀዛፊ አይጮህም። ማወቅ የፈለገ የካፒቴኑን ፊት ይመልከት። ፊቱ ከረጋ መንገዱ ሰላም ነው።

የላፋኤሌ ፊት የረጋ ነበር። ማዕበል ሲነሳም፣ ተቀናቃኝ ጀልባ በክንድ ርቀት ሲጠጋም፣ መቅዘፊያ ሲሰበርም አይለወጥም። በዚህ ፊት የተነሳ ፋሌሉማ በነፃነት በዓል ውድድር ከማንም መንደር በላይ አሸንፋለች። በዋና ከተማዋ በአፒያ ገበያ የአውቶቡስ ሾፌሮች አያስከፍሉትም። በስሙ የተጠሩ ልጆች አድገው እነሱም መቅዘፊያ ይዘዋል። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ከፓስተሩ ፎቶ ቀጥሎ፣ የእሱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ደረቱን ገልጦ፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ ማኑሲና በምትባለው ነጭ ጀልባቸው ላይ ቆሞ።

ዓይኑ መድከም የጀመረው ሳይታወቀው ነው። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ከጎን ሰላም ሲሉት ዝም ብሎ ያልፍ ጀመር። «ዝና አኮራው» ተባለ። ቀጥሎ የገዛ ቤቱ ምሰሶ ትከሻውን ይመታው ጀመር። ወደ ሐኪም የሄደው ልጁ ሊቲያ እየጎተተችው ሲሆን፣ ሐኪሙም ነገሩን አላድበሰበሰም። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል አለው። የቀረው መሐሉ ብቻ ነበር። ላፋኤሌ ዓለምን የሚያየው በቀርከሃ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ሆነ። ከፊቱ ያለው ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ ግራና ቀኙ ግን ጨለማ እንኳ አልነበረም። ምንም አልነበረም።

ይህንን የሚያውቁት ሐኪሙና ሊቲያ ብቻ ነበሩ። እሱም ዘዴ አበጀ። አንገቱን ዘወትር ማዞር ለመደ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው አንገትህ እንደ ዶሮ ተሽከረከረ?» አለው ከበሮ መቺው ሞሴ አንድ ማለዳ፣ ጀልባዋን ወደ ውኃ ሲያወርዱ። ሞሴ አብሮ አደጉ ነው፤ የፈለገውን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። «ሚስት እየፈለግክ ነው እንዴ?»

«አንተ ካገባህ በኋላ ምን የቀረች ሴት አለች?»

«የኔዋን ውሰዳት! ከበሮውንም ጨምሬ እሰጥሃለሁ!»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ላፋኤሌም ሳቀ። ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ፌቱ ግን አልሳቀም፤ የካፒቴኑን ዓይን ትክ ብሎ እያየ ነበር። ፌቱ ሠላሳውን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ላፋኤሌ ሲተው መሪውን የሚይዘው እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መቼ እንደሚተው ግን የሚጠይቅ አልነበረም።

ውድድሩ ሳምንታት ሲቀሩት ቀዛፊዎቹ በመንደሩ ጫፍ ባለው የጀልባ ቤት ይሰፍራሉ። ቤት አይኬድም፣ ሚስት አትመጣም፣ ክፉ ወሬ ወደ ሰፈሩ አይገባም። ክፉ ወሬ ጀልባ ያከብዳል ይባላል። ምግብ እንኳ የሚመጣው በዘንቢል ሆኖ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ አምጪው ሲሄድ ነው የሚወሰደው።

ሊቲያ ከአፒያ የዓሣ ገበያ ሥራዋን ጨርሳ በመጣች ቀን ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ አልሄደችም። ዛፉ ሥር ቆማ ጠበቀች። ላፋኤሌ አንገቱን ሲያዞር በቀዳዳው መሐል ገባችለት። እዚያው ቦታ ላይ እንዲህ ቆማ ያያት ሌላ ቀን ትዝ አለው።

ያን ጊዜ ዓይኑ ደህና ነበር። ሚስቱ ቴዊላ ታማ ተኝታ ነበር፤ «ቀላል ነው፣ ሂድ» ብላው ነው የወጣው። ከዚያ አንድ ቀን ሊቲያን፣ ገና ኮረዳ ሳለች፣ ከዛፉ ሥር ቆማ አያት። ጠባቂዎቹ ሲያናግሯት፣ እሷም ራሷን ስትነቀንቅ፣ እነሱም በእጃቸው ወደ መንደሩ ሲያመለክቷት አየ። ልጁ ለከንቱ ነገር እንደማትመጣ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር፤ ፊቱን ግን ወደ ባሕሩ መለሰ። ውድድሩን አሸነፉ። ዘፈኑ ከሩቅ እየተሰማ፣ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሲደርስ፣ ቴዊላ በሰሌን ተጠቅልላ ትጠብቀው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ የዚያ ቀን ፎቶ ነው።

«ጠብታውን ረስተኸው ነው የሄድከው» አለችው ሊቲያ፣ ትንሿን ብልቃጥ እየዘረጋች። እጇ ከጎን ስለመጣ አላየውም። ብልቃጡን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሂጂ፣ ሰው ያያል።»

«ይየኝ። አባባ፣ ለፌቱ ስጠው።»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ከዚህ ውድድር በኋላ።»

«አምናም እንዲህ ነበር ያልከው። ካቻምናም።»

«የዘንድሮው የመጨረሻ ነው አልኩሽ።»

ሊቲያ ዘንቢሉን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «አርባ ሰው ፊትህን እያየ ነው የሚቀዝፈው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም ሳየው ነው ያደግኩት። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን አውቄ አላውቅም። ካልነገርካቸው በምን ያውቃሉ?»

ላፋኤሌ ዘንቢሉን ከመሬት አነሳ። መልሱ ነበረው፤ አፍ አውጥቶ የሚነገር ግን አልነበረም። ሌሎች ካፒቴኖች ሲደክማቸው መሪያቸውን አስረክበው ዓሣቸውን እያጠመዱ ያረጃሉ። እሱ ግን ዋጋ ከፍሎበታል። ማኑሲና ላይ ቆሞ ሳለ የከፈለው ዋጋ የሆነ ነገር የገዛለት ይመስለዋል። ከጀልባዋ የወረደ ዕለት ግን ያ ቀን ብቻውን ይቀራል፤ አንዲት ሴት ስትሞት ባሏ ባሕር ሲያይ የነበረበት ቀን።

«ሂጂ ልጄ» አላት። «ጀልባ ታከብጃለሽ።»

ሊቲያ አንድ ጊዜ ፊቱን አየችውና ሄደች። ከቀዳዳው የወጣችው በአንድ እርምጃ ነው።

የበዓሉ ቀን ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ይህም ለላፋኤሌ ጥሩ ነው። ጀልባዎቹ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ተነስተው ወደ ወደቡ ይመጣሉ፤ ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። መስመር ለመያዝ አንድ ነገር ብቻ ያስፈልገው ነበር፤ ከፊቱ፣ ከከተማው በላይ የሚታየው የካቴድራሉ ነጭ ግንብ። በባሕሩ ውስጥ ያለውን የኮረል አለት ካለፉ በኋላ ግንቡን በቀርከሃው መሐል አስቀመጠና ያዘው።

የሞሴ ከበሮ ይመታል። መቅዘፊያዎቹ አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ። ወንዶቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ እሱ ያያሉ፤ እሱ በራሳቸው ላይ አልፎ ግንቡን ያያል። አንድ በአንድ ሌሎቹን ጀልባዎች ወደ ኋላ ጥለዋቸው ሄዱ። መጨረሻ ላይ የቀረችው የሳሞቱ መንደር ጀልባ ብቻ ነበረች። እሷም በግማሽ ርዝመት ወደ ኋላ ቀርታ፣ በላፋኤሌ ግራ በኩል ትከተላለች። ድምፅዋን ይሰማል። ሁለት ከበሮ ሲደባለቅ ግን ርቀት አይለይም።

ከወደቡ የሚነሳው ነፋስ የማኑሲናን አፍንጫ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ገፋው። ላፋኤሌ ግንቡ እየሸሸ መሆኑ ገባው፤ ሊያርመውም መሪውን አዞረ። ያዞረው ግን በተሳሳተው በኩል ነበር? ወይስ ዘግይቶ? ኋላ ብዙ አሰበበት፤ አላወቀውም። ያወቀው፣ አንገቱን ወደ ግራ ሊያዞር ሲያስብ ግንቡ እንዳይጠፋው ፈርቶ አለማዞሩን ነው። አሁን ከዞርኩ መስመሩን እስታለሁ አለ በልቡ። ትንሽ ልቆይ። ትንሽ።

ፌቱ ቀና ብሎ አየው። ያንን ያስታውሳል። የፌቱ ዓይን አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ወደ እሱ ፊት ተመላለሰ፤ ከዚያም ራሱን ዝቅ አድርጎ መቅዘፉን ቀጠለ።

ከዚያ እንጨት በእንጨት ላይ ሲሰነጠቅ ተሰማ። የሳሞቱ ጀልባ አፍንጫ ከጎናቸው ገባ። መቅዘፊያዎች እንደ ደረቅ ሸምበቆ ተሰባበሩ። አንድ ሰው ጮኸ፤ ጩኸቱ የሰው አይመስልም ነበር። ላፋኤሌ ሲዞር በቀዳዳው ውስጥ የገባለት የአንድ ሰው ክንድ ነው፤ በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ተይዞ ነበር።

«ቅዘፉ!» አለ አንድ ድምፅ። የገዛ ድምፁ ነበር። ማኑሲና ተላቃ ወጣች፣ በተረፉት መቅዘፊያዎችም እየተጎተተች የመድረሻውን መስመር ቀድማ አለፈች። ዳርቻው ላይ የሚጨፍረው ሰው ምን እንደሆነ ገና አላየም ነበር።

ክንዱ የተያዘው ሰው ሳኒ ይባላል፤ የሳሞቱ የፊት ቀዛፊ ነው። ማታ ላይ ከሆስፒታል ወሬ መጣ። ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆርጧል።

በፋሌሉማ የመሰብሰቢያ ቤት ሽማግሌዎቹ በየምሰሶው ሥር ተቀምጠው ነበር። የመንደሩ አለቃ ሌማና በጉባኤ የሚጠጣውን የካቫ መጠጥ ጽዋ መጀመሪያ ለላፋኤሌ እንዲሰጠው አዘዘ፤ ይህ ለአሸናፊ የሚደረግ ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ ጠዋት የውድድሩ ዳኞች ይጠሩናል። ሳሞቱዎች መስመራችንን ዘጋችሁ ይላሉ። የኛ ሰዎች ደግሞ መስመራችንን የዘጉት እነሱ ናቸው ይላሉ። የኛ ሰዎች ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር፤ የነሱም እንደዚያው። የነሱ ካፒቴን ፀሐይ በዓይኔ ገባ ብሏል።» ፈገግ አለ። «ስለዚህ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ፣ ላፋኤሌ። የአንተን ቃል ደግሞ የሚጠራጠር የለም። ስምህ ይበቃል።»

ሁሉም ወደ እሱ አዩ። ላፋኤሌ ጽዋውን በእጁ እንደያዘ ነበር። ፊቱ ረጋ ብሏል። እንደዚህ እንደሚረጋ ያውቃል፤ ፊቱ ሌላ ነገር አልተማረም።

«እንግዲህ ጨርሰናል» አለ ሌማና። «ለሚቀጥለው ዓመትም ካፒቴን መፈለግ አያሻንም።»

ዝምታው እሺታ ሆኖ ተቆጠረለት። ሰው እየሳቀ ትከሻውን እየነካው ወጣ። ፌቱ ግን ደጅ ጠበቀው።

«ጋሼ።»

«አቤት ፌቱ።»

«ጀልባዋን አይቻት ነበር» አለ ፌቱ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለው ነበር። «የሳሞቱዋን አፍንጫ። ከትከሻህ አጠገብ ስትመጣ አየኋት። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ፊትህን አየሁት። ረጋ ብሏል። ጋሼ ካየው ምን ያስጮኸኛል፣ የሚያደርገውን ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።» ፌቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተመለከታቸው። «ሳኒን አውቀዋለሁ። አብረን ትምህርት ቤት ነበርን። አሁን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ወይስ ያላየኸው አንተ ነህ? እሱን ብቻ ንገረኝ። ለማንም አልናገርም። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብዬ ነው።»

ላፋኤሌ ሊያየው አንገቱን አዞረ። የፌቱ ፊት በቀዳዳው መሐል ገባ፤ እንደ ሽማግሌ ከስቶ ነበር።

«አንተ አይደለህም» አለው። «አላየሁም። ከዚያች ጀልባ በፊትም ብዙ ያላየሁት አለ።»

ፌቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ቤቱም ሄደ።

በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ወደ በደለው ሰው ደጅ ሄዶ ይንበረከካል፤ ራሱንም በክብር ሰሌን ይሸፍናል። የተበደሉት ሰሌኑን ከላዩ ከገፈፉለት ምሕረት አግኝቷል። ካልገፈፉት ግን በቆንጨራ ቢመቱትም የሚጠይቃቸው የለም። ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ከወገኑና ከአለቃው ጋር ነው። ላፋኤሌ ወደ ሌማና ቢሄድ ምን እንደሚባል ያውቃል። ስለዚህ ወደ ልጁ ሄደ።

ሊቲያ ያሰበውን ሰምታ ስትጨርስ ተነሳች። ሳጥኗን ከፍታ የታጠፈ ሰሌን አወጣች። ቀጭን እንደ ጨርቅ፣ ጠርዙ በቀይ ላባ የተዘመዘመ። ቴዊላ ታማ ሳለች እንኳ ስትሠራው የነበረ ነው።

«ይኼ ለሠርግሽ የተቀመጠ ነው» አለ ላፋኤሌ።

«ሌላ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ተነስ።»

ሳሞቱ ሲደርሱ ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር፣ ዝናብም ያካፋል። የሳኒ ወላጆች ቤት ግድግዳ የለውም፤ ውስጥ የተኙት ሰዎች ከመንገድ ይታያሉ። ላፋኤሌ ደጁ ላይ ካለው ጠጠር ላይ ተንበረከከ። ሊቲያ ሰሌኑን ራሱ ላይ ጣለችለት።

ከሥሩ ጨለማ ሆነ። የቀረችው ትንሿ ቀዳዳም ተደፈነች። እንዲህ ነው የሚሆነው አለ ለራሱ፤ አንድ ቀን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰሌኑ የደረቀ ቅጠልና የሣጥን ሽታ ነበረው። የሚስቱን ሽታ ፈለገበት፤ አልነበረም። ብዙ ዘመን አልፏል።

ቤቱ ነቃ። እግር ሲመላለስ ሰማ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላ ወጣት ድምፅ «ምን ይጠብቃል? ቆንጨራው የታለ?» አለ፤ አንድ ሰው ዝም አሰኘው። ጉልበቱ ደነዘዘ። ዝናቡ ሰሌኑን ዘልቆ አንገቱ ላይ ይወርድ ጀመር። በሳሞቱ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፤ ዳኞቹ ሊቀመጡ ነው። ሌማና በአፒያ ዓይኑን ወደ መንገዱ ጥሎ እየጠበቀው ይሆናል። ላፋኤሌ አልተንቀሳቀሰም።

በመጨረሻ ከባድ እርምጃ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ማነህ?»

«ላፋኤሌ ነኝ፤ የፋሌሉማ።»

«እሱማ ታውቋል። ልጄም በአንተ ስም ነበር የሚምለው፤ ትንሽ ሆኖ በእንጨት ቁራጭ ላይ ቆሞ አንተን ሲመስል ይውል ነበር።» አለ የሳኒ አባት። «ምን ልትል መጣህ?»

«ጀልባችሁን አላየኋትም። የዘጋናችሁ እኛ ነን። ጎኔን ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ሐኪም ነግሮኛል። ከዚህ ተነስቼ ለዳኞቹም እናገራለሁ።»

«ሐኪም ነግሮህ?»

«አዎን።»

«ታዲያ መሪውን ለምን ያዝክ?»

ላፋኤሌ በጨለማው ውስጥ መልሱን ፈለገ። ሁልጊዜ የነበረው መልስ አሁንም ነበር። ሚስቴን ከፍዬበት፣ እንዴት ልተወው? ነገር ግን የልጁ ክንድ ለተቆረጠበት ሰው ይህ የሚባል አልነበረም። ለማንም የሚባል አልነበረም።

«መልስ የለኝም» አለ።

ሰውዬው አንድ እርምጃ ሲቀርብ ተሰማው።

«እኔም የለኝም» አለ። ሰሌኑንም ከላዩ ገፈፈው። ቀስ ብሎ አይደለም፤ የሚያቃጥል ነገር እንደሚያነሳ ሰው ነው። ፊቱን ሳያይ ሰሌኑን ክንዱ ላይ አጠፈውና ወደ ቤቱ ይዞት ገባ። ሰሌን ከተገፈፈ በኋላ የገፈፈው ነው።

ላፋኤሌ ለመነሳት ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው። ብርሃኑ በዝቷል። ከፊቱ ባዶ ጠጠር፣ የኮኮናት ልጣጭ፣ የቤቱ ደረጃ ይታየዋል። ልጁን ፈለገ። አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ መንገድና አንድ ውሻ። ወደ ግራ አዞረ፤ የዳቦ ፍሬ ዛፍ፣ ሥሩ ማንም የለም። ሄዳለች አለ በልቡ፤ ብትሄድም እውነቷን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ መርጋቱን ተወ፤ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው፣ ሊይዘውም አልሞከረም።

«ሊቲያ!» ብሎ ጮኸ።

«አትጩህ» አለችው። ድምፅዋ የመጣው ከትከሻው አጠገብ ነው። ከጎኑ፣ እዚያው ጠጠር ላይ፣ እሷም ተንበርክካ ነበር፤ ፀጉሯ በዝናብ ርሶ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ክንዱን ይዛ አስነሳችው። ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ፣ ወደብ የሚያሳየው ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆም አለ።

«ማኑሲና ትታያለች?»

ሊቲያ ተመለከተች። ጀልባዋ አሸዋው ላይ ተጎትታ ወጥታለች፤ ጎኗ ተቀዷል፤ አንድ ሰው፣ ፌቱ ሳይሆን አይቀርም፣ የተሰበሩትን መቅዘፊያዎች ከውስጧ እያወጣ ይከምራል።

«ትታያለች» አለችው።

እሱ አንገቱን አላዞረም። የልጁን ክንድ እንደያዘ፣ እየደነቃቀፈ፣ ወደ ዳኞቹ ሄደ።